ስለ ልክ

«ልክ» የምትለው ቃል ከአማርኛችን ትንንሽ ቃላት አንዷ ናት፤ ሥራዋ ግን እጅግ ብዙ ነው። ልብስ ሰፊ ልክ ይወስዳል። እውነት የተናገረውን ሰው «ልክ ነህ» እንለዋለን። ትዕቢተኛውን «ልኩን አያውቅም»፣ ጠጥቶ የሚሰክረውን «ከልክ አለፈ»፣ ራሱን የሚገዛውን ደግሞ «ልከኛ ሰው ነው» እንላለን። እግርህን በፍራሽህ ልክ ዘርጋ የሚለውም ምክር ከልጅነታችን ጀምሮ የምንሰማው ነው። እኔ ይህችን ቃል ብዙ ዘመን ስናገራት ኖሬ ትርጓሜዋን የተረዳሁት ግን ሰው ከበደልሁ በኋላ ነው። ስለዚህ አስቀድሜ የቃሏን ነገር፣ ቀጥሎም የራሴን ጥፋት ለአንባቢዬ እነግራለሁ።

«ልክ» «ለካ» ከሚለው ጋር የተዛመደች ናት፤ ባልንጀራዋ «መጠን»ም ከግእዙ «መጠነ» የመጣች ናት። ሁለቱም የጠባይ ስም ከመሆናቸው በፊት የገበያና የማድ ቤት ቃላት ነበሩ። አባቶቻችን ጨርቁን በክንድና በስንዝር፣ እህሉን በቁናና በዳውላ ይሰፍሩ ነበር። አስቀድማ መጥና ያልደቆሰች ሴት ድስት ጥዳ ብታለቅስ አይጠቅማትም መባሉም ከዚሁ የተነሣ ነው። ነገሩ በእኛ ብቻ አልቀረም። ሮማውያን «ሞዱስ» ይሉ የነበረው መለኪያን ነው፤ ከእርሱም «ሞዴራቲዮ» የሚለውን የልከኝነት ስም አወጡ፤ የአውሮፓም ሕዝቦች ቃሉን ከእነርሱ ወረሱ። በግሪክ አገር በዴልፊ በነበረው የአፖሎን ቤተ ጣዖት ላይም «ምንም ነገር ከልክ አይለፍ» የሚል ቃል ተቀርጾ ነበር።

ነገሩን አስፍቶ የመረመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ384 እስከ 322 ዓመት የኖረው አርስጣጣሊስ (አሪስቶትል) ነው። ስሙ ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ አይደለም፤ በ16ኛው መቶ ዓመት ከዐረብኛ ወደ ግእዝ በተመለሰው በመጽሐፈ ፈላስፋ ውስጥ ይገኛል። እርሱ እንዳስተማረው ጀግንነት በፍርሃትና በድፍረት መካከል፣ ለጋስነትም በንፉግነትና በአባካኝነት መካከል ያለ ነው። ነገር ግን መካከል ሲል እኩሌታ ማለቱ አይደለም። 10 ምናን ምግብ ቢበዛ፣ 2 ምናን ቢያንስ፣ የትግል መምህር ተነሥቶ ለሁሉም 6 ምናን ስጡ አይልም፤ 6ቱ ለታጋዩ ለሚሎን ጥቂት ነው፣ ለጀማሪ ግን ብዙ ነው። ከዚህም አልፎ ስርቆትን፣ ዝሙትንና ነፍስ መግደልን የመሰለ ነገር መካከለኛ የለውም ብሏል። በልኩ የሚሰረቅ ስርቆት የለምና።

እኔ ይህን ሁሉ ሳላስተውል ልከኝነት ማለት ሁልጊዜ በሁለት ሰዎች መካከል መቆም ይመስለኝ ነበር። ጎልማሳ ሳለሁ አንድ ወንድምና አንዲት እኅት በአባታቸው ውርስ ተጣልተው ከሽማግሌዎች ጋር ለዕርቅ ተቀመጥሁ። አባትየው ትተው የሞቱት 8 ላም ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወንድና ሴት ልጅን በውርስ እኩል አድርጓል፤ ስለዚህ እኅትየዋ 4ቱን ብቻ ጠየቀች። ወንድምየው ግን 8ቱም የእኔ ናቸው አለ። እኛም ሁለቱንም ላለማስቀየም ብለን የጥያቄያቸውን መካከል ፈለግንና ለእርሱ 6፣ ለእርሷ 2 ፈረድን። እኔም በዚያ ቀን አስተዋይ መስሎኝ ደስ አለኝ።

እርሷም አልጮኸችም፤ አልተሳደበችም። «አባቶቼ፣ መካከሉንስ አገኛችሁት፤ ልኩን ግን አላገኛችሁትም» ብላ ተነሣች። 2ቱን ላሞች እየነዳች ስትሄድ ያየሁት ጀርባዋ እስከ ዛሬ ይከሰኛል። ያለ ልክ የጠየቀው በመጠየቁ ተጠቀመ፤ በልክ የጠየቀችው በልከኝነቷ ተጎዳች። ከዓመታት በኋላ ሄጄ ይቅርታ ለመንኋት፤ ይቅርታውን ሰጠችኝ፤ ላሞቹን ግን ልመልስላት አልቻልሁም።

ቋንቋችን መለኪያን፣ ራስን መግዛትንና እውነተኛነትን በአንድ ቃል የጠራው በከንቱ እንዳይደለ ከዚያ ወዲህ ተረዳሁ። ልክ ያልሆነ ነገር መካከለኛ ቢሆንም ልከኝነት አይባልም። በቀድሞው ዘመን የረጅም ሰው ክንድና የአጭር ሰው ክንድ እኩል ስላልነበረ፣ በማን ክንድ ተለካ ብሎ መጠየቅ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ በሜትር ብንለካም፣ በሰውና በሰው ጉዳይ ላይ ጥያቄው አልቀረም። ልክ እንደ ጉዳዩ ይለያያል እንጂ እንደ ለኪው ጥቅም ሊለያይ አይገባውም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ለሽምግልና የተጠራህ እንደ ሆነ «መካከሉ ወዴት ነው?» ብለህ አትጀምር። አስቀድመህ «ልኩ ምንድር ነው?» ብለህ ጠይቅ። ልኩ በመካከል ከተገኘ መልካም ነው፤ በአንደኛው ወገን ከተገኘ ግን ወደዚያው ሄደህ መቆም ከልክ ማለፍ አይደለም።