የንግግር ሕክምና እንዴት ተመዘነ? ከለንደን እስከ ዩጋንዳ

በድብርት ወይም በጭንቀት የተያዘን ሕመምተኛ ማነጋገር ደግነት እንጂ ሕክምና አይደለም የሚል አስተያየት በባልደረቦቻችን ዘንድ አልፎ አልፎ ይሰማል። አስተያየቱ አዲስ አይደለም፤ እጅግ ጠንክሮ የተሰነዘረውም ከሙያው ውስጥ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1952 በለንደን ይሠሩ የነበሩት የሥነ ልቡና ሊቅ ሃንስ አይዘንክ 24 ጥናቶችን መርምረው፣ በኒውሮሲስ ከሚሠቃዩት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ቢታከሙም ባይታከሙም በሁለት ዓመት ገደማ ይሻላቸዋል ሲሉ ጻፉ። ስሌታቸው ብዙ ነቀፌታ ገጠመው። (ኪንግስ ኮሌጅ ለንደን በ2019 የአይዘንክን የኋላ ዘመን ጽሑፎች አስመርምሮ በርካቶቹ እምነት የማይጣልባቸው ሆነው መገኘታቸው የታሪክ ምፀት ነው።) ጥያቄው ግን ተገቢ ነበር፤ ካልታከመ ሰው ጋር ካልተነጻጸረ የታከመው ዳነ የምንለው በምን ማስረጃ ነው?

ከመልሶቹ አንዱ ከፊላደልፊያ መጣ። የአእምሮ ሐኪሙ አሮን ቤክ የድብርት ሕመምተኞችን ሕልም ሲመረምሩ፣ የፍሮይድ ትምህርት ከሚለው ወደ ራስ ከዞረ ቁጣ ይልቅ የሽንፈትና የማጣት ስሜት አገኙ። ስለዚህ ሕመምተኛው ስለ ራሱ፣ ስለ ዓለምና ስለ ነገው ያለውን የጨለመ አስተሳሰብ ከሐኪሙ ጋር የሚፈትሽበትን ሕክምና ቀረጹ። በ1977 በታተመ ጥናት 41 ሕመምተኞች በዕጣ ተከፍለው ከፊሎቹ ይህን ሕክምና፣ ከፊሎቹ ኢሚፕራሚን አገኙ፤ በንግግር የታከሙት ይበልጥ ተሻላቸው። መድኃኒቱ ከመጨረሻው ምዘና በፊት እየተቀነሰ መሄዱ ውጤቱን አዛብቶት ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ ንግግርና እንክብል በአንድ ሚዛን ላይ ተቀመጡ። የልጆች ተራ ዘግይቶ ደረሰ፤ በ1994 ፊሊፕ ኬንዳል በዚያችው ከተማ ከ9 እስከ 13 ዓመት ባሉ 47 ልጆች ላይ ያካሄዱት የጭንቀት ሕክምና ጥናት ታተመ።

ለእኛ ሁኔታ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በ2003 ከደቡብ ምዕራብ ዩጋንዳ የተገኘው ውጤት ነው። ፖል ቦልተንና ባልደረቦቻቸው መጀመሪያ የአካባቢው ሰዎች ሕመሙን በራሳቸው ቋንቋ ምን እንደሚሉት ጠየቁ። ከዚያም በኤች.አይ.ቪ. ክፉኛ በተጎዳው በዚህ አካባቢ 30 መንደሮችን መርጠው በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ሕክምናው ሐዘንን፣ ከሰው ጋር አለመግባባትንና የኑሮ ለውጥን ይመለከታል። ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ ለ16 ሳምንታት በቡድን ተወያዩ። ቡድኖቹን የመሩት ሐኪሞች ሳይሆኑ ሁለት ሳምንት ብቻ የሠለጠኑ የአካባቢው ተወላጆች ነበሩ። ሕክምናው በተሰጠባቸው መንደሮች የከባድ ድብርትን መስፈርት የሚያሟሉት ከ86 በመቶ ወደ 6.5 በመቶ ወረዱ። በማነጻጸሪያዎቹ መንደሮች ደግሞ ከ94 ወደ 54.7 በመቶ ሆኑ። አይዘንክ እንዳሉት ያለ ሕክምናም የሚሻላቸው አሉ ማለት ነው፤ ሕክምናው የጨመረው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ማነጻጸሪያ ባይኖር ኖሮ ሁሉም ለውጥ የሕክምናው ተደርጎ ይቆጠር ነበር።

ይኸው ዘዴ በሰሜን ዩጋንዳ የተፈናቃዮች መጠለያ ከ14 እስከ 17 ዓመት በሆኑ ወጣቶች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2007 ታተመ። የልጃገረዶቹ ድብርት ቀነሰ፤ በወንዶቹ ላይ ግን አስተማማኝ ለውጥ አልታየም፤ ጭንቀትም በሁለቱም ዘንድ በግልጽ አልተሻሻለም። አጥኚዎቹ ይህንንም ሳይሸሽጉ ጽፈውታል።