ወፍራም ድምፅ፦ ከጋይንት ማኅሌት እስከ አዲስ አበባ ባንድ

ብዙ መሣሪያ አብሮ በሚጮኽበት ባንድ ውስጥ ባስ ጊታር የሚጫወት ሙዚቀኛ የትኛውን አምፕሊፋየር ቢመርጥ ድምፁ ይሰማል የሚለው ጥያቄ ላይ ላዩን ሲያዩት የዕቃ ገበያ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ የጻፉ ሰዎች ድምፃውያንን፣ የዜማ ደራሲዎችንና የሸክላ አሳታሚዎችን በሰፊው ሲያነሡ የባሱን ሳጥን በዝምታ ማለፋቸውም ከዚሁ አመለካከት የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ይሁን እንጂ ወፍራም ድምፅ በብዙ ቀጫጭን ድምፆች መካከል ሳይዋጥ፣ እነርሱንም ሳይውጥ እንዴት ይሰማል የሚለው ችግር ኤሌክትሪክ ወደ አገር ከመግባቱ እጅግ ቀደም ብሎ የነበረ ነው፤ ከተፈታባቸውም ቦታዎች አንዱ በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ምድር የጸናው የዜማ ሥርዓት ነው።

በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር የሚሰጥባት ቦታ ናት። ድጓ ማለት በ6ኛው መቶ ዘመን በአክሱም እንደነበረ በሚነገርለት በቅዱስ ያሬድ ስም የሚታወቅ፣ የዓመቱን በዓላትና ወቅቶች ተከትሎ የተደራጀ የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ ነው። ምስክር ደግሞ ተማሪው በሌላ አገር የቀጸለውን ዜማ በዚያ ባሉ ሊቃውንት ፊት ዳግመኛ አሰምቶና አርሞ መምህር ለመሆን የሚያገኘው ማረጋገጫ ነው። የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር የምትሰጠው ዙር አባም ከዚያው ከጋይንት ምድር አትርቅም፤ ከቤተ ልሔሙ የድጓ ስልት ጎን የሚጠራው የቆማ ስልትም መነሻው እስቴ ውስጥ ያለችው ቆማ ፋሲለደስ ናት። ደራሲው ቶማስ ፓከንሃም እ.ኤ.አ. በ1955 ወደ ቤተ ልሔም ተጉዞ በኋላ ዘመን በተሠራ ክብ ቤት ውስጥ ተሸፍኖ የኖረውን ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ሕንፃ ለውጭ አንባቢ አስተዋውቋል፤ የአካባቢው ተማሪ ግን ቦታዋን በሕንፃዋ ሳይሆን በዜማዋ ሲያውቃት ኖሯል።

የድጓ ተማሪ የሚማረው ያለ ምንም መሣሪያ፣ በጉሮሮው ብቻ ነው። መምህሩ ያዜማል፣ ተማሪው ይቀበላል፣ ሌሊት በጎጆው ሆኖ ይከልሳል። ትውፊት እንደሚያስረዳው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በፊደሉ ራስ ላይ የሚቀመጡትን የዜማ ምልክቶች አዘጋጅተዋል፤ ከእነዚህም መካከል ይዘት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረትና ሂደት የሚባሉት ሲገኙ፣ ደረት የሚባለው ምልክት ድምፁ ወርዶና ወፍሮ ከደረት እንዲወጣ የሚያዝዝ ነው። ስለዚህ ወፍራም ድምፅ በዚህ ሥርዓት ውስጥ በአጋጣሚ የሚመጣ ሳይሆን ስምና ቦታ ተሰጥቶት፣ በጽሑፍ ምልክት ተወስኖ የሚዜም ነው።

ከበሮ የሚገባው ከዚህ በኋላ፣ የአቋቋም ትምህርት በሚባለው ዘርፍ ነው። አቋቋም ማለት ዜማውን በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ አጅቦ በእንቅስቃሴ የማቅረብ ሥርዓት ሲሆን፣ ዋና ማዕከሉ ጎንደር ነው፤ ከአለቃ ገብረ ሐና ስም ጋር የሚያያዘውና በልጃቸው በተክሌ የተጠራው ስልት ደግሞ በደብረ ታቦር የጸና ነው። የማኅሌት ከበሮ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በሁለት አፉ ቆዳ ይወጠርበታል፤ ሰፊው አፍ ወፍራም፣ ጠባቡ አፍ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፤ መቺው በማንገቻ ትከሻው ላይ ሰቅሎ ሁለቱን በሁለት እጁ ያነጋግራቸዋል። እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው የሊቃውንቱ ብልኀት ከበሮውን በማጉላት ላይ ሳይሆን ተራውን በመወሰን ላይ መሆኑ ነው። ቃሉ በመጀመሪያ በቁም ዜማ፣ በድምፅ ብቻ ይባላል፤ ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያው ይወዛወዛል፤ ከበሮው የሚመታው በመረግድ ሲሆን፣ በጽፋት ምቱ ይፈጥናል። በዚህ አካሄድ ከበሮው በሙሉ ኃይሉ በሚመታበት ሰዓት ቃሉ አስቀድሞ በጆሮ ገብቷል፤ የሚሸፈን ነገር ቢኖርም የሚጠፋ ነገር የለም። በክብ ቤተ ክርስቲያን የውጭ ክፍል በሆነው ቅኔ ማኅሌት ግራና ቀኝ የሚቆሙት ዘማርያን ብዛትም የድምፁን ሚዛን ከሚጠብቁት ነገሮች አንዱ ነው።

ሌላው የቀድሞ መፍትሔ በበገና ላይ የሚታየው ነው። የበገና አሥር አውታሮች ከአንጀት የሚሠሩና ድምፃቸው እጅግ የወፈረ ስለሆነ ብቻቸውን ቢተዉ ከሳጥኑ ብዙም ርቀው አይሰሙም ነበር፤ ስለዚህ በበርኩማው፣ ማለትም አውታሮቹ በሚያርፉበት ድልድይ ላይ፣ በየአውታሩ ሥር እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። አውታሩ ሲርገበገብ እንዚራዋን እየነካካ የሚያሰማው የታወቀው ጥዝጣዜ ጌጥ ብቻ አይደለም። የሰው ጆሮ ለወፍራም ድምፅ ደካማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1933 ፍሌቸርና ሙንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በልኬት እንዳሳዩት፣ ወፍራም ድምፅ ከመካከለኛው እኩል እንዲሰማ ብዙ ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል። ነገር ግን ከዋናው ድምፅ በላይ የሚወለዱት ቀጫጭን ተከታይ ድምፆች ከተሰሙ አእምሮ ዋናውን ወፍራም ድምፅ ራሱ ይሞላዋል። እንዚራ የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ በኋላ እንደሚታየው የባስ አምፕሊፋየር ሠሪዎችም ወደዚሁ መፍትሔ ደርሰዋል። ነጋሪት ግን ሌላ ጠባይ ነበረው፤ በበቅሎ ተጭኖ አዋጅ የሚያስነግረው ይህ ከበሮ ከማንም ጋር መስማማት ስለማይጠበቅበት የሚዛን ችግር አልነበረበትም።

ዘመናዊ ባንድ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ የተራ ሥርዓቱ ፈረሰ። እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባዎቹ የአርመን ልጆችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ በ1935 የተመሠረተው አገር ፍቅር፣ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች፣ በ1955 የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ሁሉም በየፊናቸው ያስለመዱት ነገር ቢኖር መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ አብረው የሚጫወቱበትን አሠራር ነው። የነሐስ መሣሪያ በሞላበት መድረክ ላይ የወፍራሙን ድምፅ ቦታ የያዘው ኮንትሮባስ፣ ማለትም ቆሞ የሚጫወቱት ትልቁ ባለ አውታር መሣሪያ፣ ከጥሩምባና ከትሮምቦን ጋር ሲጋፈጥ የሚያሸንፍበት አቅም አልነበረውም።

ይህ ችግር የአዲስ አበባ ብቻ አልነበረም። በአሜሪካ ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲዥን የተባለውን ኤሌክትሪክ ባስ ጊታር ለገበያ ያቀረበው የኮንትሮባስ ድምፅ በዳንስ ባንዶች ውስጥ ይዋጥ ስለነበር ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ባስማን የተባለውን ለባስ የታሰበ አምፕሊፋየር አስከተለ። አምፕሊፋየር ማለት ከመሣሪያው የሚመጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ አጎልብቶ ለስፒከሩ የሚያቀብል ክፍል ሲሆን፣ ስፒከሩ በበኩሉ አየሩን ገፍቶ ድምፅ ያደርገዋል። የመጀመሪያው ባስማን ኃይሉ ከ30 ዋት ያነሰ፣ ስፒከሩም ባለ 15 ኢንች አንድ ብቻ ነበር። ድምፁ ከፍ ሲል ይሰነጠቅ ስለነበር ከጊዜ በኋላ ይበልጥ የወደዱት የሊድ ጊታር ተጫዋቾች ሆኑ፤ የእንግሊዙ ማርሻል የመጀመሪያ አምፕሊፋየሩን የሠራውም የባስማንን አሠራር ተከትሎ ነው። ለባስ ተሠርቶ ለጊታር የተረፈው ይህ ዕቃ የባሱን ችግር በግማሽ ብቻ ፈትቶታል።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1969 አምፔግ የተባለው ኩባንያ ኤስ.ቪ.ቲ. የሚባለውን አምፕሊፋየር ሲያወጣ ነው። ኃይሉ 300 ዋት ነበር፤ ድምፁን የሚያጎላው በቫልቭ፣ ማለትም እንደ አምፖል እየጋለ በሚሠራ የመስታወት ቱቦ ሲሆን፣ ራሱ ብቻውን ወደ 40 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ የሚነዳውም እያንዳንዳቸው ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከር የያዙ ሳጥኖችን ነው። ለአንባቢ እንግዳ ሊሆን የሚችለው አንድ ትልቅ ስፒከር ትቶ ብዙ ትናንሽ መደርደሩ ነው። ምክንያቱ ትናንሾቹ በቶሎ ስለሚርገበገቡ የጣቱን ምት አጥርተው ማውጣታቸው፣ በብዛታቸው ደግሞ ትልቁን ያህል አየር መግፋታቸው ነው። ቫልቩም ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ድምፁን በድንገት አይቆርጥም፤ ተከታይ ድምፆችን እየጨመረ ያሻክረዋል። ከእንዚራ የሚለየው በሙቀቱና በዋጋው እንጂ በጆሮ ላይ በሚሠራው ሥራ አይደለም።

አምሃ እሸቴ የሸክላ አሳታሚውን አምሃ ሬከርድስን ያቋቋመውም በዚያው በ1969 ነው። በተከታዮቹ ዓመታት ከመንግሥት ኦርኬስትራዎች ውጭ የሆኑ ትንንሽ ባንዶች በሆቴሎችና በምሽት ክበቦች ሲስፋፉ፣ የዋሊያስ ባንዱ ባሲስት መላከ ገብሬና የአይቤክሱ፣ በኋላም የሮሃው፣ ጆቫኒ ሪኮ ቀድሞ ከበሮ ይሸከመው የነበረውን ሥራ ከድራሙ ጋር ተካፍለው ያዙ። አይቤክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ለማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» ያጀበ ሲሆን፣ በ1976 ደግሞ በራስ ሆቴል አዳራሽ ያለ ድምፃዊ የተቀዳ ሥራ አበርክቷል፤ በ1977 ኃይሉ መርጊያና ዋሊያስ ባወጡት አልበም ላይ ያለው «ሙዚቃዊ ስልት» ደግሞ ባሱ ኪቦርዱን እየተከተለ ሙሉውን ዜማ እንዴት እንደሚሸከም በግልጽ ያሳያል። በችክችካው ምት ውስጥ የባሱና የትልቁ ድራም ድምፅ በአንድ ሠፈር ስለሚያርፉ እርስ በርስ መጋረዳቸው አይቀርም፤ ጥሩ ባሲስት ከድራሙ ትንሽ ለይቶ የሚመታውም ለዚህ ነው፤ አምፕሊፋየሩን ሲያስተካክልም በጣም ወፍራሙን ክፍል ቀንሶ መካከለኛውን ከፍ ያደርጋል። ብቻውን ሲለማመድ የሚያምረው ጉርምርምታ በባንድ መካከል ጭጋግ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የታወጀው የሰዓት እላፊ ሌላ መመዘኛ ጨመረ። እንግዳው ሌሊት ወደ ቤቱ መመለስ ስላልተፈቀደለት ባንዱ በተዘጋ በር እስከ ንጋት ይጫወት ነበር፤ እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ከጉልበት ይልቅ ሳይቃጠል ማደር ይበልጣል። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ለ117 ቮልት የተሠራ ሲሆን የአዲስ አበባው መብራት 220 ቮልት ስለሆነ፣ ትራንስፎርመር ረስቶ ሶኬት ላይ የሰካው ሰው ዕቃውን በአንድ ቅጽበት ያጣዋል። ለዚህም ነው በአውሮፓ ቮልት የተሠራ ዕቃ በገበያው የተመቸው፤ የጣሊያኑ ሞንታርቦ እስከዛሬ ድረስ ስሙ ለትልቅ ስፒከር ሁሉ መጠሪያ ሆኖ መቅረቱም በዚያ ዘመን የነበረውን ስርጭት ይመሰክራል።

ምርጫውን በቁጥር ለማየት የሚፈልግ ሰው ከሁሉ በፊት ዋት ብቻውን እንደሚያታልል ማወቅ ይኖርበታል። ኃይሉን ከ100 ወደ 200 ዋት ማሳደግ ድምፁን በ3 ዴሲቤል ብቻ ይጨምራል፤ ይህም እምብዛም የማያስደንቅ ልዩነት ነው፤ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ወደ 10 ዴሲቤል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ሁለተኛ ሳጥን መጨመር ብዙ ጊዜ ከዋቱ ይልቅ ይጠቅማል፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው 8 ኦም የሆኑ ሁለት ሳጥኖች ጎን ለጎን ሲያያዙ ለአምፕሊፋየሩ 4 ኦም ስለሚሆኑ፣ ኦም ማለትም ስፒከሩ ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው ተቃውሞ፣ አምፕሊፋየሩ ከሚችለው በታች እንዳይወርድ መጠንቀቅ ግድ ነው። የባሱ ወፍራም አውታር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የዚህ ሞገድ ርዝመት ከ8 ሜትር በላይ ስለሆነ በሲሚንቶ አዳራሽ ውስጥ አንዱ ጥግ ሲነጎድ ሌላው ጥግ ባዶ ሊሆን ይችላል። ባሲስቱ ከአምፑ አንድ ሜትር ርቆ ቆሞ የራሱን ድምፅ ሳይሰማ፣ ከኋላ የተቀመጠው እንግዳ የሚማረረውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ሳጥኑን ከማዕዘን ማራቅ ወይም ወደ ጆሮ ከፍታ ማንሣት አዲስ ከመግዛት ይቀድማል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ሲንተሳይዘር ኪቦርድ ሲስፋፋ የባሱ ሥራ ወደ ኪቦርድ ተጫዋቹ ግራ እጅ ተዛወረ፤ ባሱም አምፑም ከብዙ መድረኮች ወረዱ። ይህ የሥልጣኔ እርምጃ ተደርጎ ሲወራ ይሰማል፤ ካሴቶቹን ከ1970ዎቹ ሸክላዎች ጋር አስተያይቶ ያደመጠ ግን የቀረውን ያውቃል። የቀጥታ ባንድ እንደገና ሲያንሠራራ የድምፁም መጠን ከፍ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» አልበም ፕሮዲውስ ያደረገው ቢል ላስዌል ራሱ ባሲስት ነው። በዚህ ዘመን የባሱ ሞገድ ዲ.አይ. በሚባል ትንሽ ሳጥን በኩል በቀጥታ ወደ አዳራሹ ትላልቅ ስፒከሮች ስለሚሄድ፣ መድረክ ላይ ያለው አምፕ የሚያገለግለው በዋናነት ለባሲስቱና አጠገቡ ለቆመው ድራመር ነው። በመሆኑም 500 ዋት የሚሰጥ፣ ክብደቱ ግን 3 ኪሎ የማይሞላ አዲሱ ክላስ ዲ የሚባለው ዓይነት አምፕ ከአንድ ባለ አራት ስፒከር ሳጥን ጋር ለአብዛኛው የሆቴልና የሠርግ ሥራ ይበቃል፤ ጥሩ ዲ.አይ. በሌለበት ወይም በቂ ስፒከር በማይገኝበት የገጠር ከተማ አደባባይ ግን ሁለተኛውን ሳጥንና ቮልት ማስተካከያውን ይዞ መሄድ ይገባል።