አዲስ የመድኃኒት ውሁድ በፓተንት መርማሪ ፊት

የመድኃኒት ውሁድ የፓተንት ምርመራ አንድ የፓተንት መሥሪያ ቤት ለቀረበለት የኬሚካል ውሁድ ብቸኛ መብት ሊሰጥ ይገባው እንደሆነ የሚያጣራበት ሥርዓት ነው። መርማሪው መድኃኒቱ በሽተኛን ይፈውስ እንደሆነ ወይም ምን ያህል እንደሚጎዳ አይመዝንም፤ ያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ድርሻ ነው። የእሱ ጥያቄ ጠበብ ይላል፦ ውሁዱ አዲስ ነው ወይ? አዲስ ከሆነስ ለሙያው ሰው በቀላሉ የሚታሰብ አልነበረም ወይ? ሁለቱም ጥያቄዎች ማነጻጸሪያ ይሻሉ። በተግባር የመዝገቡ ዕጣ የሚወሰነው አብዛኛውን ጊዜ ማነጻጸሪያው በተመረጠበት ሰዓት ነው።

ማመልከቻውና ፍለጋው

ማመልከቻ ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት። መግለጫው ውሁዱ እንዴት እንደሚሠራና ለምን እንደሚጠቅም ይተርካል፤ የይገባኛል ጥያቄዎቹ ደግሞ አመልካቹ ለራሱ የሚያሰምረውን ድንበር ያሳያሉ። ክርክሩ ሁሉ የሚነሣው ከሁለተኛው ነው። የመድኃኒት ኩባንያዎች አብዛኛውን ጊዜ አንድን ውሁድ ብቻ ነጥለው አይጠይቁም፤ እዚህ ቦታ ላይ ከእነዚህ አንዱ፣ እዚያ ቦታ ላይ ከእነዚያ አንዱ ሊገባ ይችላል የሚል ጥቅል ቀመር ያቀርባሉ። ይህ አጻጻፍ ማርኩሽ ይባላል፤ ስሙ በ1920ዎቹ በአሜሪካ የማቅለሚያ ኬሚካል ፓተንት ከጠየቀው ከዩጂን ማርኩሽ የመጣ ነው። በአንድ ገጽ የሰፈረ የማርኩሽ ቀመር ሚሊዮን ውሁዶችን ሊያቅፍ ይችላል፤ በቤተ ሙከራ ተሠርተው የተፈተኑት ግን ጥቂት መቶዎች ቢሆኑ ነው።

ፍለጋው በስም አይካሄድም። ኢማቲኒብ የተባለው መድኃኒት በምርምር ዘመኑ ሲጂፒ 57148፣ ኋላም ኤስቲአይ 571 ይባል ነበር፤ በስም የሚፈልግ መርማሪ አንዱን አግኝቶ ሌላው ያመልጠዋል። ስለዚህ የውሁዱን ቅርጽ ራሱን ሥሎ በኬሚካል የመረጃ ቋቶች ውስጥ ያስሳል። አንድ የቆየ ሰነድ ያንኑ ውሁድ በግልጽ ካሳየ አዲስነቱ አበቃ። ጥቅል ቀመር ብቻውን ግን በውስጡ ያለውን እያንዳንዱን ውሁድ ገልጿል አይባልም። በዚህ ምክንያት በሰፊው ቀመር ላይ ፓተንት ከተሰጠ ከዓመታት በኋላ፣ ከዚያው ቀመር ውስጥ በተመረጠ አንድ ውሁድ ላይ ሌላ ፓተንት ሊሰጥ ይችላል። ቀመሩን «ያቅፋል» እና «ይገልጻል» ብሎ መለየት ለአመልካቾች ምቹ ነው፤ ምቾቱ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ከታች ይታያል።

ከምን ጋር?

የፈጠራ ብቃት ምዘናው ይበልጥ ከባድ ነው። በአውሮፓ ፓተንት መሥሪያ ቤት መርማሪው ቅርብ የሆነውን ቀደምት እውቀት ይመርጣል፣ አዲሱ ውሁድ ከዚያ በምን እንደሚለይና ልዩነቱ ምን ጥቅም እንዳስገኘ ያያል፣ ከዚያም መፍትሔው የሚጠበቅ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል። የመሥሪያ ቤቱ የይግባኝ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1995 አግርኤቮ በተባለው ጉዳይ፣ ተፈላጊው ጥቅም በተጠየቁት ውሁዶች ሁሉ ላይ የሚታመን ካልሆነ ሰፊው ጥያቄ ይወድቃል ብሎ ወስኗል። ጉዳዩ የፀረ አረም ኬሚካል ቢሆንም ለመድኃኒትም ገዢ ሆኖ ቀርቷል።

የአሜሪካ መንገድ ሌላ ነው። እዚያ መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ የሙያው ሰው ምርምሩን ለመጀመር አዲሱ የሚነጻጸርበትን አሮጌ ውሁድ ይመርጥ ነበር ወይ የሚል ነው። የስኳር በሽታ መድኃኒት የሆነው ፒዮግሊታዞን ከቀደመ አንድ ውሁድ የሚለየው በጣት በሚቆጠሩ አቶሞችና በአቀማመጣቸው ነበር። ይሁን እንጂ አሮጌው ውሁድ በእንስሳት ላይ የሰውነት ክብደት ስለሚጨምር የሙያው ሰው ከእሱ ይሸሽ ነበር እንጂ አይነሣበትም በማለት የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ፓተንቱን አጽንቷል። የቅርጽ መመሳሰል ብቻውን ፓተንት አይጥልም ማለት ነው።

ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ጊዜ በሰው ላይ ሙከራ ሳይጀመር ነው፤ ቀድሞ ያስገባ ቀድሞ ስለሚይዝ ማንም አይዘገይም። ስለዚህ በምርመራው መካከል አዲስ ውጤት ይዞ መምጣት የተለመደ ነው። የአውሮፓው ታላቅ የይግባኝ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2023 በሰጠው ውሳኔ፣ ዘግይቶ የመጣ ማስረጃ በመዘግየቱ ብቻ አይጣልም፤ ነገር ግን የሚያስረዳው ጥቅም ከመነሻው ማመልከቻ ትምህርት ውስጥ የሚገኝ መሆን አለበት ብሏል።

የግሊቬክ ጉዳይ

ማነጻጸሪያው መዝገብን እንዴት እንደሚገለብጥ ከህንዱ የግሊቬክ ክርክር በላይ የሚያሳይ የለም። ግሊቬክ፣ በመድኃኒት ስሙ ኢማቲኒብ ሜሲሌት፣ ሲኤምኤል ለተባለው የደም ካንሰር የሚሰጥ እንክብል ነው። የኢማቲኒብ የመጀመሪያው ፓተንት፣ በኬሚስቱ በዩርግ ዚመርማን ስም የሚጠራው፣ በአሜሪካ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ህንድ ግን በ1970ው ሕጓ ለመድኃኒት የአሠራር ዘዴ እንጂ ለውሁዱ ለራሱ ፓተንት አትሰጥም ነበር፤ የዚመርማን ውሁድም እዚያ ሳይጠበቅ ቀረ። የዓለም ንግድ ድርጅት ስምምነት ይህንን ሕግ እንድትለውጥ አስገደዳት፤ አዲሱ ሥርዓት የጀመረው በ2005 ሲሆን እስከዚያው የሚገቡ ማመልከቻዎች ሳይመረመሩ እንዲቀመጡ ተደረገ።

የግሊቬክ አምራች ኖቫርቲስ እ.ኤ.አ. በ1998 በቼናይ (በቀድሞ ስሟ ማድራስ) ያስገባው ማመልከቻ ከነዚህ አንዱ ነበር። የጠየቀው ኢማቲኒብን ሳይሆን የኢማቲኒብ ሜሲሌትን ቤታ የተባለ የክሪስታል ቅርጽ ነው። የህንድ ሕግ አውጪ በ2005 ያስገባው አንቀጽ 3(መ) የታወቀ ነገር አዲስ ቅርጽ የታወቀውን ውጤታማነት ካላሻሻለ ፈጠራ አይደለም ይላል፤ ጨው፣ ክሪስታልና የቅንጣት መጠን ሁሉ በዝርዝር ተጠቅሰዋል። የካንሰር ታማሚዎች ረድኤት ማኅበርና ናትኮን የመሰሉ የጀነሪክ (ተመሳሳይ ርካሽ መድኃኒት) አምራቾች ፓተንቱ ከመሰጠቱ በፊት ተቃውሞ አቀረቡ፤ የቼናይ መሥሪያ ቤትም በጥር 2006 ማመልከቻውን ውድቅ አደረገ። ክርክሩ በማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤትና በይግባኝ ቦርድ በኩል አልፎ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ የመጨረሻው ፍርድ የተሰጠው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2013 ነው።

ኖቫርቲስ ያቀረበው ጠንካራ ማስረጃ፣ ቤታ ክሪስታሉ ከጨው ካልተዋሐደው ኢማቲኒብ ይልቅ ወደ ደም የሚገባበት መጠን በ30 በመቶ ይበልጣል የሚል ነበር፤ ሙከራው የተደረገው በአይጦች ላይ ነው። ፍርድ ቤቱ ግን ማነጻጸሪያውን ቀየረ። የቤታ ክሪስታሉ የቅርብ ዘመድ ኢማቲኒብ ሜሲሌት ነው፤ እሱም ከዚመርማን ፓተንት የታወቀ ነው አለ። ከእሱ ጋር ሲነጻጸር የቀረው ጥቅም ዱቄቱ በማምረቻ ማሽን ውስጥ በቀላሉ መፍሰሱ፣ ቅርጹ ይበልጥ የተረጋጋ መሆኑና እርጥበት አለመሳቡ ብቻ ሆነ። እነዚህ ለአምራች ጠቃሚ ናቸው፤ በሽተኛን ግን አይፈውሱም። በአንቀጽ 3(መ) ውስጥ ለመድኃኒት ውጤታማነት ማለት የማከም ውጤታማነት ነው ተብሎ ተፈረደ። 30 በመቶውም ቢሆን የተሻለ ሕክምና ማምጣቱ አልተረጋገጠም።

ኩባንያውን ይበልጥ የጎዳው የራሱ ድርጊት ይመስላል። ናትኮ በእንግሊዝ ኢማቲኒብ ሜሲሌት እንዳይሸጥ ያስቆመው በዚያው በዚመርማን ፓተንት ነበር፤ በአሜሪካም የዚያን ፓተንት ዕድሜ ያስረዘመው ለዚሁ መድኃኒት ብሎ ነው። ሲከላከል ውሁዱ በፓተንቱ ውስጥ አለ፣ አዲስ ሲጠይቅ የለም ማለቱ አላዋጣም። ፍርድ ቤቱም በሚታቀፈውና በሚገለጸው መካከል ሰፊ ክፍተት እንዲኖር አልፈቀደም። በዋጋ በኩል ክፍተቱ ቀላል አልነበረም፤ በህንድ የግሊቬክ የወር ዋጋ 120,000 ሩፒ ገደማ ሲባል የጀነሪኩ ከ8,000 እስከ 10,000 ነበር።

በአሜሪካ ይኸው ክሪስታል መጀመሪያ በመርማሪው ተከልክሎ፣ የይግባኝ ቦርዱ ክልከላውን ሽሮለት በ2005 ፓተንት አግኝቷል። ስለዚህ ህንድ የተሳሳተች፣ አሜሪካ ትክክል የሆነች ወይም የተገላቢጦሽ የሚመስላቸው ሰዎች ጉዳዩን ያቃልሉታል፤ የአሜሪካ ሕግ የአንቀጽ 3(መ)ን ጥያቄ ጨርሶ አይጠይቅም። ፊሊፒንስ በ2008 ባወጣችው ርካሽ መድኃኒት ሕግ የህንዱን የመሰለ ድንጋጌ አስገብታለች፤ አርጀንቲናም በ2012 ለመርማሪዎቿ ጥብቅ መመሪያ አውጥታለች።

በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 123/1987 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የሕክምናና የምርመራ ዘዴዎችን ከፓተንት ውጭ ያደርጋል፤ ለእነዚህ ዘዴዎች የሚያገለግሉ ምርቶችን ግን አይከለክልም። ፓተንቱ ለ15 ዓመት ይሰጣል፤ ፈጠራው በአገር ውስጥ በተገቢው ሁኔታ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ሊጨመር ይችላል። የታወቀ ውሁድ አዲስ ጨው ወይም ክሪስታል ከአዲስ ውሁድ በምን እንደሚለይ አዋጁ ለብቻው አይደነግግም፤ መርማሪው በአዲስነትና በፈጠራ ብቃት ጠቅላላ መመዘኛ ይሠራል። የዓለም ንግድ ድርጅት አባል የሆኑ በማደግ ላይ ወደኋላ የቀሩ አገሮች የመድኃኒት ፓተንት እንዳይሰጡ የተፈቀደላቸው እስከ እ.ኤ.አ. 2033 መጀመሪያ ነው። ወደ ድርጅቱ ለመግባት ለረጅም ጊዜ ስትደራደር የቆየችው ኢትዮጵያ፣ ከዋነኛ የጀነሪክ ምንጮቿ አንዷ ህንድ በመሆኗ፣ የቼናይ መርማሪዎች የሚጽፉት ውሳኔ በተዘዋዋሪ ይመለከታታል።