ከአበልጅነት ወደ ሐሜት፦ የአንድ ቃል ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1014 ገደማ የዮርኩ ሊቀ ጳጳስ ዉልፍስታን የእንግሊዝን ሕዝብ ኃጢአት በስብከቱ ሲዘረዝር፣ በክርስትና የተዛመዱ ሰዎች በየስፍራው መገደላቸውንም አንስቶ ወቀሰ። እነዚህን ሰዎች የጠራቸው «ጎድሲብ» ብሎ ነው። «ጎድ» እግዚአብሔር፣ «ሲብ» ደግሞ ዘመድ ማለት ነው፤ እኛ አበልጅ ከምንለው ጋር ይቀራረባል። ዛሬ እንግሊዝኛ ሐሜትን የሚጠራበት «ጎሲፕ» የተወለደው ከዚህ ቃል ነው።

ፖለቲከኞች ወሬ ለቃሚዎቻቸውን «ጎ ሲፕ» (ሂድና ፉት በል) እያሉ ወደ መጠጥ ቤት ይልኩ ነበርና ቃሉ ከዚያ መጣ የሚል ተረት አለ። የዉልፍስታን ስብከት ብቻውን ተረቱን ያፈርሰዋል።

ታዲያ የተከበረው ስም እንዴት ወረደ? በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የገጣሚው ጄፍሪ ቾሰር ገጸ ባሕርይ «የባዝ ሴት»፣ ከደብሯ ቄስ ይልቅ ምስጢሯን የምታውቅ ወዳጇን በዚሁ ቃል ትጠራታለች። ዝምድናው ወዳጅነት ሆኗል፤ ቃሉ ግን ገና አልተነቀፈም።

ቀጥሎ ቃሉ ምጥ ቤት ገባ። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ አንዲት ሴት ምጥ ሲይዛት አዋላጇና ጎረቤቶቿ ይጠሩ ነበር፤ ወንድ በልማድ አይገባም። ሴቶቹ ወላዷን ይደግፋሉ፣ በወይን ወይም በጠላ የተሠራ ትኩስ መጠጥ ያጠጧታል፣ ያጫውቷታል። መጠሪያቸውም «ጎሲፕ» ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1755 የታተመው የሳሙኤል ጆንሰን መዝገበ ቃላት የቃሉን ቁልቁለት በሦስት ፍቺ አስቀምጦታል፦ መጀመሪያ ክርስትና የሚያነሣ፣ ቀጥሎ የመጠጥ ጓደኛ፣ በመጨረሻም አራስ ቤት እንዳሉ ሴቶች ወሬ እያዞረ የሚለፈልፍ ሰው። በ19ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ቃሉ ከሰውየው አልፎ የወሬው የራሱ ስም ሆነ።

ሦስተኛው ፍቺ ብዙ ይናገራል። ሐሜተኛን ለመግለጽ ምሳሌ የሆኑት አራስ ሊያግዙ የሄዱ ሴቶች ናቸው፤ ፍቺውን የጻፈው ደግሞ የምጥ ቤቱ በር በልማድ ከተዘጋበት ወገን ነው። በዚያ ክፍል የሴቶቹ ሥራ ነፍስ ማትረፍና ማጽናናት ነበር፤ በቃሉ ላይ የቀረው ግን ከደጅ የታሰበው ወሬያቸው ብቻ ነው። በእኛ ቋንቋ አበልጅ እስከ ዛሬ የክብር ስም ነው፤ «ጎድሲብም» ሲጀምር እንዲሁ ነበር።