ዳግማዊ የሚለው ቃል በነገሥታት ስም

ፈረንሳውያን ሉዊ የተባሉትን ነገሥታት እስከ ዐሥራ ስምንተኛ ይቈጥራሉ። ዐሥራ ሰባተኛው ግን አንድ ቀን እንኳ ሳይነግሥ በ1787 ዓ.ም. በእስር ቤት የሞተ የዐሥር ዓመት ልጅ ነው። የአባቱ ወንድም ኋላ ዙፋኑን ሲይዙ ዐሥራ ስምንተኛ ተባሉ፤ በዚህም የልጁ መንግሥት በቍጥር ተመሰከረለት።

በአገራችንም የስም መደገም ከንቱ ልማድ አልነበረም። የዐፄ ዳዊት ልጅ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1406 ዓ.ም. ነግሠው፥ በመንግሥታቸው ዓመት ሳይሞላ ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ ከአራት መቶ ዓመት በላይ በዚህ ስም የነገሠ የለም። ስሙ ግን በፍካሬ ኢየሱስ ተስፋ ሲጠበቅ ኖረ። ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው በደረስጌ ማርያም ሲነግሡ፥ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ውቤ፥ የቀቧቸውን ጳጳስ አቡነ ሰላማንም ከግብጽ ያስመጡት ውቤ ነበሩ። ካሣ ከራሳቸው ያመጡት ሠራዊታቸውንና ቴዎድሮስ የሚለውን ስም ነው።

በ1848 ዓ.ም. ወደ ሸዋ ዘምተው የንጉሥ ኃይለ መለኮትን ልጅ ማርከው ወሰዱ። የልጁ የክርስትና ስም ሣህለ ማርያም፥ የሚጠራበት ግን ምኒልክ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ እንደ ልጅ አሳደጓቸው፤ ልጃቸውን ወይዘሮ አልጣሽንም ዳሩላቸው። እንግዲህ ለዐሥር ዓመት ያህል ሁለቱ የጥንት ነገሥታት ስሞች በአንድ ቤት ኖሩ። ይህን የታሪክ ጸሐፊዎች አልፈውት መሄዳቸው ይገርማል። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡ፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ነገሡ። በማኅተማቸውና በብራቸው ላይም «ዳግማዊ ምኒልክ» ተባለ።

ለመሆኑ ቀዳማዊው ማን ነው? ክብረ ነገሥትን የተመለከተ እንደሚያውቀው፥ የንግሥተ ሳባ ልጅ በመጽሐፉ በይነ ልሕክም ይባላል፤ በኢየሩሳሌም ተቀብቶ ሲነግሥም ስሙ ዳዊት ተብሏል። ምኒልክ የሚለውን ያቈየው ትውፊቱና የነገሥታቱ ዝርዝር ነው። በዳዊት ስም ከአንድ በላይ ነገሥታት ነግሠዋል፤ በምኒልክ ግን በመካከል ማንም አልነገሠም። ስለዚህ የቴዎድሮስ «ዳግማዊ» ወደ አራት መቶ አርባ ዓመት ወደ ኋላ ሲቈጥር፥ የምኒልክ «ዳግማዊ» የላስታንና የጎንደርን ነገሥታት ሁሉ ተሻግሮ ከሰሎሞን ቤት ይደርሳል። የሸዋ ቤት ከዚህ የሚበልጥ የዘር ማስረጃ ሊያቀርብ አይችልም ነበር።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ሲነግሡ፥ በስማቸው የቀደማቸው ንጉሥ ሳይኖር፥ ተከታይ እንዳለው ሰው «ቀዳማዊ» ተባሉ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ፤ በዚያው ዓመት ዘውዱ ራሱ ተሻረ።