የእጅ ባትሪ ታሪክና የዕቃ ስሪት ነገር



የሰው ልጅ ጨለማን ለማሸነፍ ያደረገው ትግል እጅግ ረዥም ነው። ከማገዶ እሳት ወደ ችቦ፥ ከችቦ ወደ ጧፍና ወደ ኩራዝ፥ ከኩራዝም ወደ ፋኖስ እስኪሻገር ድረስ ብዙ ዘመን አልፏል። እነዚህ ሁሉ የሚበሩት በነበልባል ስለ ሆነ ነፋስ ያጠፋቸዋል፤ ዝናም ያከስማቸዋል፤ ጥንቃቄ ከጐደለም ቤት ያቃጥላሉ። ያለ ነበልባል የሚበራና በእጅ የሚያዝ መብራት ከተገኘ ግን ከመቶ ሃያ ዓመት ጥቂት ቢበልጥ ነው። የዚህን መብራት ታሪክ ማወቅ ለዕውቀት ብቻ ሳይሆን ለኪስም ይጠቅማል፤ በሱቅ ፊት ቆመን «የትኛውን ልግዛ? የየትኛውስ አገር ስሪት ይሻላል?» ብለን ስንጠይቅ መልሱን የምናገኘው ከታሪኩ ነውና።

የእጅ ባትሪ ይወለድ ዘንድ አስቀድሞ ደረቅ የባትሪ ድንጋይ መገኘት ነበረበት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1866 ዓ.ም. ዦርዥ ለክላንሼ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ የሠራው ባትሪ ኃይል ቢሰጥም በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ፈሳሽ ስለ ነበረበት ይዞ ለመዘዋወር አይመችም ነበር። በ1886 ዓ.ም. ካርል ጋስነር የተባለ የጀርመን ሐኪም ፈሳሹን ከጀሶ ጋር ለውሶ በዚንክ ዕቃ ውስጥ ዘጋው፤ በዚህም ቢገለብጡት የማይፈስ ድንጋይ ተገኘ። ከዚህ በኋላ በኒውዮርክ ይኖር የነበረ ዴቪድ ሚሴል የተባለ እንግሊዛዊ ድንጋዮቹን በአንድ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ደርድሮ በጫፉ አምፖልና የናስ አንጸባራቂ በመግጠም ጥር 10 ቀን 1899 ዓ.ም. የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። የፋብሪካው ባለቤት ኮንራድ ሁበርት ከሩሲያ ግዛት ወደ አሜሪካ የተሰደደ ሰው ሲሆን፥ ከመጀመሪያዎቹ ባትሪዎች ጥቂቶቹን ለኒውዮርክ ፖሊሶች ሰጥቶ ምስክርነታቸውን ለንግዱ ተጠቀመበት።

ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ ድንጋዩ ደካማ፥ የአምፖሉም የካርቦን ክር ኃይል በላተኛ ስለ ነበረ መብራቱ ሳያቋርጥ ብዙ ሊበራ አልቻለም። አሜሪካውያን «ፍላሽላይት» ማለትም ብልጭ የሚል መብራት ያሉት በዚህ ምክንያት ነው። እንግሊዞች ስሙን ከችቦ ወሰዱት፤ እኛ ደግሞ ከሚመገበው ኃይል ወስደን የእጅ ባትሪ አልነው። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የእጅ ባትሪ ብርታት ከክፍሎቹ ሁሉ ከደካማው አይበልጥም ማለት ነው። የተንግስተን ክር በካርቦን ፈንታ በገባ ጊዜ፥ ድንጋዩም በተሻሻለ ጊዜ፥ ብልጭታው እውነተኛ መብራት ሆነ።

አሁን ወደ ስሪት ነገር እንለፍ። ጋስነር ደረቁን ድንጋይ ባወጣ በዓመቱ፥ በ1887 ዓ.ም. የእንግሊዝ ፓርላማ ከውጭ የሚገባው ዕቃ የእንግሊዝ ስሪት መስሎ እንዳይሸጥ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ዋናው ዓላማ ርካሽና አስመሳይ ይባል የነበረውን የጀርመን ዕቃ ለገዢው ማስታወቅ ነበር። ነገር ግን «ጀርመን የተሠራ» የሚለው ጽሑፍ ለማሳፈር የታሰበ ሲሆን፥ የጀርመን ፋብሪካዎች ሥራቸውን ስላሻሻሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የክብር ምልክት ሆነ። የጃፓን ዕቃም እንዲሁ በአንድ ዘመን በርካሽነቱ ይናቅ ነበር። ዛሬ በእጃችን የምንይዘው ነጭ ብርሃን የተገኘው ግን ከዚያችው አገር ነው። ኢሳሙ አካሳኪ፥ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ የተባሉት ሊቃውንት ሰማያዊውን ኤልኢዲ ስለ ፈለሰፉ በ2014 ዓ.ም. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል፤ ነጩ ኤልኢዲም የተገኘው በዚሁ ፈለግ ነው።

እንግዲህ የአገር ስም የማይለወጥ ዋስትና አይደለም። ዛሬ በዓለም ገበያ ከሚሸጠው የእጅ ባትሪ አብዛኛው በቻይና ይሠራል፤ እጅግ የተመሰገነውም በወር የሚበላሸውም ከዚያው ይመጣል። የአንዱ ባትሪ ኤልኢዲ ከአንድ አገር፥ ድንጋዩ ከሌላ አገር፥ አካሉም ከሦስተኛ አገር ሊመጣ ይችላል። በጀርባው የታተመው ስም ዕቃው የት እንደ ተሠራ ይነግረናል እንጂ ማን እንደ መረመረው አይነግረንም።

ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ምርመራውን ጠይቁ። በ2009 ዓ.ም. በአሜሪካ «ኤፍኤል 1» የተባለ የእጅ ባትሪ መለኪያ ደንብ ወጥቷል። በዚህ ደንብ መሠረት የመብራቱ ብዛት በሉመን ይለካል፤ የሚበራበት ሰዓት ብርሃኑ ወደ መነሻው ዐሥር በመቶ እስኪወርድ ድረስ ይቈጠራል፤ ባትሪውም ቢያንስ ከአንድ ሜትር ከፍታ በሲሚንቶ ላይ ወድቆ ይፈተናል። ይህን ምልክት ካላገኛችሁ በገዛ እጃችሁ ፈትኑ። አብርታችሁ ነቅንቁት፤ ብልጭ ድርግም ካለ ግንኙነቱ የላላ ነው። ክዳኑን ፈትታችሁ የጥርሱን አቈራረጥ፥ ውኃ የሚከለክለውን የጐማ ቀለበትና የሽቦውን ጥንካሬ ተመልከቱ። 18650 የሚባለው ተሞይ ባትሪ፥ ወርዱ 18 ቁመቱ 65 ሚሊሜትር የሆነው፥ ከመልካም ፋብሪካ ሲወጣ የሚይዘው 3,500 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ነው። በላዩ 9,900 ተጽፎ ብታዩ ጽሑፉ ሐሰት መሆኑን ዕወቁ፤ በጽሑፉ የዋሸ ፋብሪካ በሥራው ይታመናል ማለት ያስቸግራል።

ስለ ዋጋ ደግሞ በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው ሒሳቡን በዘመን ማስላት ይገባዋል። ለምሳሌ ያህል አንዱ ባትሪ 300 ብር ተገዝቶ ስድስት ወር ቢያገለግል፥ ሌላው 900 ብር ተገዝቶ አምስት ዓመት ቢያገለግል፥ ርካሹ በአምስት ዓመት ውስጥ ዐሥር ጊዜ ተገዝቶ 3,000 ብር ያስወጣል። ይህ ማለት ግን ውድ ሁሉ መልካም ነው ማለት አይደለም። ለደጅና ለጓዳ ሥራ መጠነኛ ብርሃን ይበቃል፤ የማያስፈልግ ሉመን መግዛት ገንዘብን መጣል ነው። ምንም ያህል መልካም ቢሆን ድንጋዩን ሳያወጡ ለብዙ ወራት ማስቀመጥም ዕቃውን ያበላሻል፤ ያረጀ ድንጋይ ፈሶ ውስጡን ይበላዋልና።

የእጅ ባትሪ የሚፈለገው መብራት በጠፋበት ሌሊት፥ ሕመምተኛ በሚነሣበት፥ ዘበኛ ኮሽታ በሚሰማበት፥ አዋላጅ በጨለማ በተጠራችበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ዕቃውን መርምሮ መለወጥ አይቻልም፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደ ተባለ በችኮላ የተገዛው በችግር ቀን ይከዳል። የዕቃን አገር መጠየቅ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ጥያቄው በዚያ ማለቅ የለበትም። የጀርመንም የጃፓንም ስም የከበረው ገዢዎች ስሙን ስላመኑ ሳይሆን ሠራተኞች ሥራውን ስላሳመሩት ነው። እኛም ሥራውን መርምረን ስንገዛ መልካሙ ሠሪ ዋጋውን ያገኛል፤ አታላዩም ገበያ ያጣል።