የየካ ተራራ የእግር መንገድ

የየካ ተራራ በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኝ፣ የእንጦጦ ሰንሰለት ምሥራቃዊ ክፍል ነው። ከየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በስተምዕራብ ይታያል። የእንጦጦ ሰንሰለት ውኃን ለሁለት የሚከፍል ወሰን ነው፤ በሰሜን የወረደው ዝናብ ወደ ዓባይ፣ በደቡብ የወረደው ወደ አዋሽ ይፈስሳል።

መንገዱ፦ የተለመደው መነሻ ከመገናኛ ብዙም የማይርቀው የየካ ሚካኤል አካባቢ ነው። ከዚያ አቀበቱ በባሕር ዛፍ ደን ውስጥ ያልፋል። ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል ይወርዱበታል፤ ጠባብ በሆነ ቦታ ተጓዡ ቆሞ ሊያሳልፋቸው ይገባል።

ቅርስ፦ በተራራው ላይ ከአለት የተፈለፈለው የዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ግድግዳዎቹና ዓምዶቹ ከአንድ አለት የተጠረቡ ሲሆኑ፣ ጣሪያው በከፊል ፈርሷል። ትውፊት ዘመኑን ወደ ጥንቶቹ ነገሥታት ወደ አብርሃና አጽብሐ ይወስደዋል፤ አጥኚዎች ግን ወደ መካከለኛው ዘመን ያቀርቡታል። ለአዲስ አበባ እጅግ ውድ ቅርስ በመሆኑ ጥበቃ ይሻል።

ወቅት፦ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ተመራጭ ነው፤ በክረምት ጭቃው ያዳልጣል። አካባቢው ጅብ ስላለበት አካባቢውን ከሚያውቅ ሰው ጋር መውጣትና ፀሐይ ሳትጠልቅ መመለስ ያስፈልጋል።